ቃል የማይገባው ዕጩ፦ የካውንቲ ዳኛ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ

በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንድ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲቀበል ከላይ ለፕሬዚዳንትነት ወይም ለክፍለ ግዛት ገዥነት የሚወዳደሩትን፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የምክር ቤት ዕጩዎችን ያገኛል፤ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሲቃረብ ግን ከስማቸው ጎን የፓርቲ መጠሪያ የሌላቸው፣ ስለ ግብርም ሆነ ስለ መንገድ ሥራ አንዳች ተስፋ ያልሰጡ፣ ብዙ ጊዜም በመልክ እንኳ የማያውቃቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለአንድ የዳኝነት ወንበር ሲወዳደሩ ይመለከታል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ወረቀት ላይ ስማቸው ከሰፈረው ሹማምንት ሁሉ መራጩ አንድ ቀን ፊቱ ሊቆም የሚችለው ይኸው ዳኛ መሆኑ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ኢምንት ሲሆን፣ መኪና በፍጥነት በመንዳቱ፣ የቤት ኪራይ በማዘግየቱ ወይም ከጎረቤቱ ጋር በመጣላቱ ችሎት መቆም ግን ከማንም ደጅ የራቀ ነገር አይደለም።

የእንዲህ ዓይነቱን ዳኛ የሥራ ሕይወትና አመራረጥ ለመረዳት የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ጥሩ ማሳያ ናት። ፍሎሪዳ በ67 ካውንቲዎች የተከፋፈለች ሲሆን፣ ካውንቲ ማለት የራሱ አስተዳደር ያለው፣ በስፋቱ ከኢትዮጵያ ወረዳ ወይም ከቀድሞው አውራጃ ጋር ሊቀራረብ የሚችል የአካባቢ ክፍል ነው። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመናቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የክፍለ ግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ስለ ፍርድ ቤቶች የሚደነግገው ክፍል ከተሻሻለ ወዲህ እያንዳንዱ ካውንቲ ቢያንስ አንድ የካውንቲ ዳኛ እንዲኖረው ግድ ሆነ፤ ካውንቲዎቹ ደግሞ ሰርኪዩት በሚባሉ 20 የዳኝነት ክልሎች ተቧድነው ከባድ ወንጀሎችንና ከፍተኛ የገንዘብ ክርክሮችን የሚያይ የሰርኪዩት ፍርድ ቤት አላቸው። ሁለቱም ነገር በመጀመሪያ የሚታይባቸው፣ ምስክር ቆሞ የሚሰማባቸውና ማስረጃ የሚመዘንባቸው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ ከእነርሱ በላይ ያሉት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ግን በአብዛኛው ምስክር አይሰሙም፣ የታችኛው ዳኛ ሕጉን በትክክል መተርጎሙን ከመዝገቡ ይመረምራሉ እንጂ።

ከእነዚህ ካውንቲዎች አንዱ የክፍለ ግዛቲቱ መዲና ታላሃሲ የምትገኝበት ሊዮን ሲሆን፣ በ2008 የዚህ ካውንቲ መራጮች ኢትዮጵያ የተወለዱትን ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰንን ለዳኝነት መረጡ። በአሜሪካ በሕዝብ ድምፅ ለዳኝነት ከበቁ ኢትዮጵያ የተወለዱ ሰዎች የመጀመሪያዋ ተብለው የሚታወቁት እኚህ ሴት የሙዚቃ ሊቁ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ልጅ ናቸው። አባታቸው በአዲስ አበባ የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩ፣ በኋላም በዚያችው በታላሃሲ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩና በ1998 ያረፉ ምሁር ነበሩ። ልጃቸው ወደ ወንበሩ የመጡት በጠበቃነት ሠርተው፣ የታላሃሲ የጠበቆች ማኅበርን በመሪነት የያዙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነው፣ የከተማዋን የሴት ጠበቆች ማኅበርም መርተው ነው። ይህ የማኅበር አገልግሎት ለጌጥ የተጨመረ የሕይወት ታሪክ ቁራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለካውንቲ ዳኝነት የሚወዳደር ሰው በቴሌቪዥን የሚታወቅ ፖለቲከኛ ስላልሆነ፣ ስለ ጠባዩና ስለ ችሎታው መመስከር የሚችሉት በችሎት አብረውት የቆሙ፣ የተከራከሩትና የተረቱለት ወይም የረቱት ጠበቆች ናቸው፤ እነርሱ የሚያወሩት ወሬ ነው ቀስ በቀስ ወደ መራጩ ጆሮ የሚደርሰው።

የካውንቲ ዳኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ሰው በታሰረ ማግስት የሚውለውን ችሎት መመልከት ይበቃል። በፍሎሪዳ የሥነ ሥርዓት ደንብ መሠረት የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ ስላለበት፣ ይህ የመጀመሪያ ቀረባ ችሎት ቅዳሜና እሑድን፣ የበዓል ቀንንም ጨምሮ ይውላል። በብዙ ካውንቲዎች ታሳሪዎቹ የእስር ቤት ልብስ እንደለበሱ ከማረፊያ ቤቱ በቪዲዮ ይቀርባሉ፤ ዳኛው በእጁ የያዘው ፖሊሱ በመሐላ ያረጋገጠውን አጭር ጽሑፍ ነው። ከዚያች ወረቀት ተነሥቶ ሰውየውን ለማሰር የሚያበቃ በቂ ምክንያት መኖሩን ይመረምራል፤ የተከሰሰበትን ነገር ይነግረዋል፤ መናገር እንደማይገደድና ጠበቃ የመያዝ መብት እንዳለው ያስረዳዋል፤ አቅም ከሌለው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል፤ በመጨረሻም በዋስ ይለቀቅ እንደሆነ፣ ዋስትናው ስንት እንደሚሆን፣ ከማን እንደሚርቅ ይወስናል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሆኖም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰነው ሰውየው ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ይገኝ ወይስ አይገኝ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣ የሚለው ጉዳይ በመሆኑ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከዓመታት በኋላ ከሚሰጠው ጥልቅ ትንታኔ ይልቅ የዚያች ጠዋት ዳኛ ትዕግሥትና ጥንቃቄ በሰው ኑሮ ላይ ይበረታል።

ከዋስትናው ሌላ የካውንቲ ፍርድ ቤት እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጡ ቀላል ወንጀሎችን፣ የትራፊክ ጥፋቶችን፣ ከ2023 ጀምሮ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርሱ የፍትሐ ብሔር ክሶችን ያያል፤ ከእነዚህም ውስጥ እስከ 8,000 ዶላር ያለው አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ተብሎ ጠበቃ ሳይያዝም በቀላል ሥነ ሥርዓት ሊሄድ የሚችል ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የድሀውን ቤት የሚነካው ቤት የማስለቀቅ ክስ ነው። ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ክስ ሲመሠርት፣ ተከራዩ መጥሪያው ከደረሰው በኋላ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀናት ሳይቆጠሩ አምስት ቀን ብቻ አለው፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ መልሱን በጽሑፍ ከማቅረብ በተጨማሪ አለበት የተባለውን ኪራይ በፍርድ ቤቱ ዘንድ ማስቀመጥ፣ ወይም የገንዘቡን ልክ ዳኛው እንዲወስንለት ማመልከት ይኖርበታል። ይህን ካላደረገ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቢሆን፣ ውኃው የተቋረጠ ቢሆን፣ መከላከያው ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል። ቋንቋውን አጥርቶ የማያውቅ፣ የመጥሪያውን ጀርባ ሳያነብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ቤቱን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው። ዳኛው ሕጉን መለወጥ ባይችልም፣ በችሎቱ ውስጥ ነገሩን በግልጽ ቋንቋ ማስረዳትና ተከራካሪውን በጥሞና መስማት ግን የእርሱ ፈንታ ነው።

ለስደተኛው ሌላም ነገር አለ። በፍሎሪዳ አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የእምነት ቃሉን ከመስጠቱ በፊት፣ ዜጋ ካልሆነ ይህ ቃል ከአገር ሊያስወጣው እንደሚችል ዳኛው እንዲነግረው ደንቡ ያስገድዳል፤ በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲላ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ጠበቃውም ይህንኑ የመምከር ግዴታ እንዳለበት አረጋግጧል። «ቶሎ ልገላገል» በሚል ስሜት ቀላል የመሰለውን ወንጀል አምኖ፣ ቅጣቱንም ከፍሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያድስ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ ያ የእምነት ቃል ከመዝገብ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ዳኛው ማስጠንቀቂያውን እንደ ዳዊት አነብንቦ ማለፍ ይችላል፤ ቆም ብሎ፣ ተከሳሹን በዐይኑ አይቶ፣ መረዳቱን አረጋግጦ መናገርም ይችላል። ሕጉ በሁለቱም መንገድ ተፈጽሟል ይባል ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ነው።

ወደዚህ ወንበር የሚያደርሰው መንገድ በወረቀት ላይ አጭር ነው። ዕጩው የካውንቲው ነዋሪና መራጭ መሆን፣ ጠበቆች ሁሉ በግዴታ የሚመዘገቡበት የፍሎሪዳ ባር አባል ሆኖ አምስት ዓመት መቆየት ይኖርበታል፤ የሕዝብ ብዛታቸው ከ40,000 በማይበልጥ ካውንቲዎች ግን ጠበቃ ማግኘት ስለሚያስቸግር የአምስት ዓመቱ ቆይታ ቀርቶ አባልነቱ ብቻ ይበቃል። ከዚያ የወንበሩን ዓመታዊ ደመወዝ 4 በመቶ ለምዝገባ ይከፍላል፤ ይህን መክፈል ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ከካውንቲው የተመዘገቡ መራጮች የ1 በመቶውን ፊርማ አሰባስቦ መቅረብ ይችላል። የሥልጣኑ ዘመን በ1998 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከአራት ወደ ስድስት ዓመት ከፍ ብሏል፤ የጡረታ ዕድሜውም በ2018 በሕዝብ ድምፅ ከ70 ወደ 75 ተራዝሟል። የተመረጠ ሰው ጥብቅናውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፤ አዲስ ዳኞች በሚገቡበት የሥልጠና መርሐ ግብር ያልፋል፤ ከዚያም በኋላ በየሦስት ዓመቱ ቢያንስ 30 ሰዓት የሙያ ትምህርት መከታተል ግዴታው ነው።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው በምርጫ ቅስቀሳው ላይ ነው። ሌላው ተወዳዳሪ ሁሉ «ብትመርጡኝ ይህን አደርጋለሁ» እያለ ድምፅ ሲጠይቅ፣ የዳኝነት ዕጩ ነገ በችሎቱ ሊቀርብ በሚችል ጉዳይ ላይ እንዲህ እፈርዳለሁ ብሎ ቃል እንዳይገባ የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ ይከለክለዋል። በፍሎሪዳ ምርጫው ከፓርቲ ነጻ ስለሆነ የፓርቲ ጥላ ተይዞ አይወጣም። ስለዚህ ዕጩው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በነጋዴዎች የቁርስ ስብሰባ ወይም በሰፈር ማኅበር ፊት ሲቆም መናገር የሚችለው ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራ ልምዱ፣ ሰውን በእኩልነት ስለ ማየትና መዝገብ ሳያጓትቱ ስለ መወሰን ነው። ከአድማጮች አንዱ ተነሥቶ «ሚስቱን የደበደበን ሰው ምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሊሰጠው የሚችለው የታመነ መልስ ማስረጃውንና ሕጉን ሳላይ አልናገርም የሚል ነው። ይህ መልስ ጭብጨባ አያስገኝም። ጭብጨባ የሚያስገኘውን የሚመልስ ዕጩ ግን ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በአንድ ባላጋራ ላይ የፈረደ ሰው ስለሆነ፣ መራጩ ሊሸሸው የሚገባው እርሱን ነው።

ከአንደበት ቀጥሎ የሚታሰረው እጅ ነው። በፍሎሪዳ የዳኝነት ዕጩ በራሱ አፍም ሆነ በራሱ ፊርማ ለምርጫው ገንዘብ እንዲዋጣለት መጠየቅ አይችልም፤ ይህን የሚያደርግለት ከደጋፊዎቹ የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። ደንቡ ታላቅ ክርክር ያስነሣው ላኔል ዊሊያምስ ዩሊ የተባሉ ጠበቃ በታምፓ ከተማ ዙሪያ ባለው በሂልስቦሮ ካውንቲ ለዳኝነት ለመወዳደር በ2009 በፊርማቸው የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ በላኩ ጊዜ ነበር። በቅድመ ምርጫው ተሸነፉ፤ በዚህም ላይ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአደባባይ ተግሣጽ እንዲሰጣቸውና 1,860 ዶላር ወጪ እንዲከፍሉ ወሰነባቸው። እርሳቸው ደንቡ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብለው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄዱም፣ ፍርድ ቤቱ በ2015 በ5 ለ4 ድምፅ አልተቀበላቸውም። የብዙኃኑን አስተያየት የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ ያስረዱት ዋና ምክንያት፣ ዳኛ በምርጫ ወደ ወንበሩ ቢመጣም እንኳ ፖለቲከኛ አይደለም፣ ነገ ፊቱ ሊቆም ከሚችል ጠበቃ ወይም ባለ ጉዳይ ዛሬ ገንዘብ ሲለምን መታየቱ ብቻውን ሕዝቡ በፍርዱ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል የሚል ነበር።

በተቃራኒው የጻፉት ዳኞች ያነሡት ነቀፋም ቀላል አይደለም፤ ኮሚቴው ገንዘቡን ሲሰበስብ ዕጩው ማን እንደሰጠ ማወቁ አልተከለከለም፤ ለሰጪው የምስጋና ደብዳቤ መጻፍም ይችላል። ታዲያ መጋረጃው ምን ይጋርዳል? ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ ደንቡን ከንቱ አያደርገውም። ፊት ለፊት ሲጠየቅ እምቢ ማለት የሚከብደው ጠበቃው ነው፤ በነገው ቀጠሮ ዳኛ ሊሆን የሚችል ሰው ስልክ ደውሎ «አንድ ነገር አድርግልኝ» ቢለው የሚሰጠው ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት ራሱም ለይቶ አያውቀውም። ደንቡ ቢያንስ ይህችን ቅጽበት ያስቀራል፤ ለካውንቲ ዳኝነት አንድ ሰው ለአንድ ምርጫ ሊያዋጣ የሚችለው እስከ 1,000 ዶላር ብቻ እንዲሆን የተደነገገውም ከዚህ ጋር ተደምሮ ሲታይ ትርጉም አለው።

አሜሪካውያን ዳኛን በድምፅ መምረጥ የጀመሩት እንግዳ ነገር ለመፍጠር ብለው ሳይሆን፣ በጊዜው የነበረውን ብልሹነት ለማስወገድ ነበር። ሚሲሲፒ በ1832 ዳኞቿን ሁሉ በምርጫ እንዲሾሙ በማድረግ ቀዳሚ ስትሆን፣ ኒው ዮርክ በ1846 ስትከተላት ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ተከታተሉ። የዘመኑ ተሐድሶ ጠያቂዎች ዳኝነት የገዥዎችና የምክር ቤት አባላት ውለታ መክፈያ ሆኗል፣ ዳኛው የሚፈራው የሾመውን ሰው ነው፣ ስለዚህ ወንበሩን ከሕዝብ ቢቀበል በሕዝብ ስም የሹማምንትን ጉልበት ይገታል ብለው ያምኑ ነበር። የፌዴራል ዳኞች ግን እስከ ዛሬ በፕሬዚዳንቱ ዕጩነትና በሴኔቱ ስምምነት ለዕድሜ ልክ የሚሾሙ ናቸው። ኋላ ላይ ምርጫውን ራሱን የፓርቲ አለቆች ሲቆጣጠሩት ሚዙሪ በ1940 ሌላ ዘዴ አመጣች፤ በዚህ ዘዴ አንድ ኮሚሽን አመልካቾችን መርምሮ ጥቂት ስም ያቀርባል፣ ገዥው ከእነርሱ አንዱን ይሾማል፣ ሕዝቡ ደግሞ ከጊዜ በኋላ «ይቆይ ወይስ ይውረድ» ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ፍሎሪዳ ይህን መንገድ ለይግባኝና ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ተቀብላለች። ለመጀመሪያ ደረጃ ዳኞችም ይሁን ወይ ተብሎ በ2000 ምርጫ ሕዝቡ በየካውንቲውና በየሰርኪዩቱ ሲጠየቅ ግን አንድም ሳይቀር ሁሉም እምቢ አለ። ዳኛውን በስም ለይቶ የማያውቅ፣ ቦታውን ባዶ ትቶ የሚያልፍ መራጭ፣ መብቱን ለሌላ አሳልፈህ ስጥ ሲባል ግን አልሰጥም ማለቱ ብዙ የሚናገር ነገር ነው።

ስለዚህ ክርክር ከሳንድራ ዴይ ኦኮነር የበለጠ በሁለቱም ወገን ቆሞ ያየ ሰው ማግኘት ያዳግታል። ኦኮነር በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ከመሆናቸው በፊት፣ በ1974 በአሪዞና ማሪኮፓ ካውንቲ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሪዞና መራጮች በትልልቆቹ ካውንቲዎች የዳኞች ምርጫ ቀርቶ በኮሚሽን ጥቆማ እንዲተካ ወሰኑ። ኦኮነር በ2006 ጡረታ ከወጡ በኋላ እስከ አቅማቸው ድካም ድረስ በየክፍለ ግዛቱ እየዞሩ የዳኞች ምርጫ በገንዘብ እየተበከለ መሆኑን አስተማሩ። ሥጋታቸው መሠረት ነበረው፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው የዌስት ቨርጂኒያ ጉዳይ አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ኃላፊ የኩባንያው ይግባኝ ሊሰማ በተቃረበበት ጊዜ አንድን ዕጩ ለማስመረጥ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ እንደነበር፣ የተመረጠውም ዳኛ ከጉዳዩ አልነሣም ብሎ ለኩባንያው እንደፈረደ ተገልጧል። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ገንዘብ በብዛት የሚፈስሰው ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ነው። ኪራይና ትራፊክ የሚያየው የካውንቲ ዳኛ ችግር ሌላ ነው፤ እርሱን የሚጎዳው ማንም ስለ እርሱ አንዳች አለማወቁ ነው።

ምርጫ ሲባልም ሁልጊዜ ውድድር ማለት አይደለም። አንድ ዳኛ በዘመኑ መካከል ቢሞት ወይም ቢለቅ ገዥው ከአቅራቢ ኮሚሽን ከሚላኩለት ከሦስት እስከ ስድስት ስሞች መካከል አንዱን ይሾማል፤ ተሿሚው የሕዝብ ድምፅ የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ዓመት ወንበሩ ላይ ከቆየ በኋላ በሚመጣው ምርጫ ነው። በዚህ መንገድ ወደ ወንበሩ የሚመጡ ዳኞች ብዙ ናቸው። በወንበሩ ላይ ያለን ዳኛ የሚቀናቀን ጠበቃም በቀላሉ አይገኝም፤ ቢሸነፍ ነገ ጉዳዩን ይዞ የሚቆመው እዚያው ዳኛ ፊት ነውና። ከምርጫው ሌላ ዳኛውን የሚቆጣጠረው በ1966 የተቋቋመው የዳኞች ብቃት ኮሚሽን ሲሆን፣ ዳኞች፣ ጠበቆችና ከሙያው ውጭ የሆኑ ተራ ዜጎች የሚገኙበት ይህ 15 አባላት ያሉት አካል አቤቱታዎችን መርምሮ ተግሣጽ ወይም ከሥራ መሰናበት እንዲወሰን ለክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀርባል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ዳኛን መምረጥ የሚለው ሐሳብ ፈጽሞ እንግዳ መሆን የለበትም። በጥንቱ ልማድ ሁለት ባላጋራዎች በንጉሡ ስም መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉም ከዛፍ ሥር ይሟገቱ ነበር፤ የመንገድ ዳኛ የሚባለው ይህ ሰው ሥልጣኑን የሚያገኘው ሁለቱም ወገኖች ስለተቀበሉት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ያቋቋማቸው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች ዳኞችም በነዋሪው የሚመረጡ ነበሩ፤ ምርጫው ግን በአብዮቱ ዘመን ግፊት ውስጥ የተካሄደ በመሆኑ ከነጻ ውድድር ጋር ሊነጻጸር አይችልም። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 81 የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ የፌዴራል ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ተጠቁመው፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ፤ የክልል ዳኞችን ደግሞ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። በእስራኤልም ዳኞችን የሚመርጠው ሚኒስትሮች፣ የምክር ቤት አባላት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችና ጠበቆች የተቀመጡበት ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሆን፣ በ2016 ኢትዮጵያ የተወለዱ ሁለት ሴቶች በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዳኝነት በቅተዋል።

በፍሎሪዳ ለሚኖረው የአሜሪካ ዜግነት ላገኘ ኢትዮጵያዊ ግን ጉዳዩ የጥናት ርእስ ብቻ አይደለም። የካውንቲ ዳኞች ውድድር በአብዛኛው የሚያልቀው በኅዳር ሳይሆን በነሐሴ በሚደረገው የቅድመ ምርጫ ቀን ነው፤ አንዱ ዕጩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ካገኘ ነገሩ እዚያው ያከትማል፣ ካላገኘ ብቻ ሁለቱ መሪዎች በኅዳር ሁለተኛ ዙር ይገጥማሉ። የቅድመ ምርጫ ሲባል የፓርቲ አባላት ብቻ የሚሳተፉበት መስሎ ስለሚታይ፣ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገቡ መራጮች የዳኞች ውድድር ለእነርሱም ክፍት መሆኑን ሳያውቁ ቤታቸው ይቀራሉ። የነሐሴው ምርጫ ከኅዳሩ ይልቅ ጥቂት ሰው የሚወጣበት በመሆኑ ደግሞ፣ የአንድ ዕድር ወይም የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አባላት ያህል ድምፅ ውጤቱን ሊለውጥ የሚችልበት ጊዜ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው መምረጥ አይችልም፤ እርሱ በመጀመሪያ ቀረባ ችሎት ሲቆም ወይም ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ሲነገረው፣ ያ ዳኛ ማን እንደሚሆን የወሰኑለት ዜግነት ያገኙት ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ድምፅ ሰጥተው ከሆነ።

ለዳኛው ደግሞ ስድስተኛው ዓመት ሲመጣ ዕጣው የሚታወቅበት ሌላ ሰዓት አለ። በምርጫው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ገደማ የዕጩዎች ምዝገባ በካውንቲው የምርጫ ኃላፊ ቢሮ ለጥቂት ቀናት ይከፈትና በመጨረሻው ቀን ልክ በቀትር ይዘጋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሌላ ጠበቃ ክፍያውንና ሰነዱን ይዞ ካልመጣ፣ የዳኛው ስም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሳይወጣ እንደተመረጠ ይቆጠራል፤ ከመጣ ደግሞ የሰፈር ስብሰባውና ያ ቃል የማይገባበት ንግግር እንደገና ይጀመራል። በዚያች ቀትር ዳኛው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችሎት ላይ ነው፤ የጠዋቱ የትራፊክ መዝገብ አላለቀም፣ ተረኛው ተከሳሽ ስሙ ተጠርቶ ወደ ፊት እየመጣ ነው።